የሰው ወርቅ በሰው አገር፦ ለአደን ሲሄዱ ጠመንጃዎን ይዘው ይሂዱ ወይስ እዚያው ይከራዩ?

አጎቴ ከደጀን ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ገበሬ ነው። በሬውን ለእርሻ ያውሳል፤ በቅሎውን ለሙሽራ ያውሳል፤ ለድግስ ጋን ሊለምን የመጣ ጎረቤት ከደጁ ባዶ እጁን ሲመለስ አላየሁም። ጠመንጃውን ግን ለማንም አያውስም። ልጅ ሳለሁ ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ ጠመንጃ ወደ ግራ እንደሚስብ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው ከወሰደው ይስትና ጠመንጃዬን ያማብኛል» አለኝ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አሜሪካ ሆኜ የመጀመሪያውን የአደን ጉዞዬን ወደ ናሚቢያ ሳቅድ ይኸው ቃል በጆሮዬ ነበር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ የራሴን ጠመንጃ ይዤ ተነሣሁ። እኔ ደረስኩ፤ ጠመንጃዬ ግን አውሮፕላን በቀየርኩበት ከተማ ቀረ። ከሰባቱ የአደን ቀናት ሦስቱን በሰው ጠመንጃ አሳለፍኩ። በሚቀጥለው ጉዞ የራሴን ጠመንጃ ቤት ቆልፌበት ሄድኩ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንደ እኔ ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከሞጣና ከአካባቢው ወጥተው በውጭ አገር ለሚኖሩ፣ የአደን ፈቃድና በሕግ የያዙት ጠመንጃ ላላቸው፣ አሁን ደግሞ ወደ ናሚቢያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ወደ ገዛ አገራቸው ወደ ባሌ ሄደው ማደን ለሚያስቡ ሰዎች ነው። መልሴን ከፊት ልንገርዎት፦ አንድ ጠመንጃ ወዴት እንደሚስብ በአንድ ማለዳና በዐሥር ጥይት ይታወቃል፤ የጎደለ ወረቀት ግን በአንድ ማለዳ አይሟላም። ስለዚህ መነሻዎ መከራየት ይሁን። ይዞ መሄድ በቂ ምክንያት ይፈልጋል። ያ ምክንያት አለዎት ወይስ የለዎትም? ደረጃ በደረጃ እንየው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ እንስሳውን ይወስኑ

«አደን እሄዳለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ምን እንደሚያድኑ ሳይታወቅ በየትኛው ጠመንጃ እንደሚያድኑ አይታወቅም። አንዳንድ አገሮች ይህን ለአዳኙ ፈቃድ አልተዉትም፤ በሕግ ወስነውታል። በናሚቢያ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ ኃይል በጁል ተቀምጧል፦ ለስፕሪንግቦክና ለመሰሉት ትናንሽ እንስሳት 1,350፣ ለአጋዘን፣ ለሳላና ለኤላንድ 2,700፣ ለጎሽና ለዝሆን ደግሞ 5,400።

እነዚህን ቁጥሮች ከእጅዎ ጠመንጃ ጋር ያስተያዩ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ለአጋዘን አደን የሚይዘው .30-06 ወደ 3,800 ጁል አካባቢ ይሰጣል። ለአጋዘንና ለሳላ ከበቂ በላይ ነው፤ ለጎሽ ግን ሕጉም አይፈቅድለትም፤ ጎሹም አይፈራውም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ እንስሳት እንደ ዝቅተኛ መለኪያ የሚቆጠረው በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣው .375 ኤች ኤንድ ኤች ነው።

ሐሳብዎ ጎሽ ከሆነና ቤትዎ ያለው የአጋዘን ጠመንጃ ከሆነ ጥያቄው እዚሁ ተመልሷል፤ ይከራዩ። ለአንድ ጉዞ ብለው .375 አይግዙ። ከባድ ጠመንጃ ትከሻን ክፉኛ ይመታል፤ ሰውነት ምቱን እስኪለምደው ድረስ ሰው ቃታውን ገና ሳይስብ ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። ጠመንጃዎ ቃታ በሳቡ ቁጥር ራሱ የሚያቀባብል ከሆነ ናሚቢያ አያስገባዎትም፤ ሽጉጥም እንዲሁ። ሊጓዝ የሚችለው በእጅ የሚያቀባብሉት የአደን ጠመንጃ ነው።

ደረጃ 2፦ የሚያቋርጧቸውን ድንበሮች ይቁጠሩ

ወረቀት ያውጡና ከቤትዎ እስከ አደኑ ቦታ የሚረግጡትን ኤርፖርት ሁሉ በተራ ይጻፉ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ሁለት ጥያቄ ያስፍሩ፦ እዚህ አገር ጠመንጃ የሚያልፈው በምን ፈቃድ ነው? እዚህ ሳላስበው ባድርስ ምን ይሆናል?

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይብሳል። ሻንጣዎ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ኤርፖርት የሚያልፍ ከሆነ መንገዱ ቀና ይመስላል። አውሮፕላን አምልጦዎት ሆቴል ማደር ካለብዎት ግን ሻንጣዎን ተረክበው መውጣት ሊኖርብዎት ነው። ያን ጊዜ ትራንዚት ላይ ያለ መንገደኛ መሆንዎ ይቀርና ጠመንጃ ወደ አገሩ የሚያስገባ ሰው ይሆናሉ። ለምሳሌ ብሪታንያ አስቀድሞ በወጣ የጎብኚ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ጠመንጃ አታስገባም። በአውሮፓ ኅብረት አገር የሚኖሩ ከሆነ የአውሮፓ የጦር መሣሪያ ፓስፖርት የሚባለው ሰነድ በኅብረቱ አገሮች መካከል ይረዳዎታል፤ አፍሪካ ሲደርሱ ግን የሚያገለግልዎት የሚሄዱበት አገር ወረቀት ነው።

ሁለት አየር መንገድ የሚቀላቅል ትኬት ካለዎት የሁለቱንም ስምምነት ለየብቻ ያግኙ። የእኔ ጠመንጃ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው ሲፈቅድ ሁለተኛውን አልጠየቅኩትም ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ብቻ የሚገጥመው ጉዳይ አለ። ከዋሽንግተን በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጆሃንስበርግ የሚሄድ የጎጃም ልጅ «እግረ መንገዴን እናቴን ልይ» ማለቱ አይቀርም። ከቦሌ ወጥቶ፣ ጎሐ ጽዮን ደርሶ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ደጀን ሊገባ፣ ከዚያም ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ሊያልፍ ያስባል። በዚህ ጉዞ ጠመንጃ ጓዝ ሊሆን አይችልም። የቤተሰብ ጥየቃና አደን በአንድ ትኬት ካገናኙ ውሳኔው አልቋል፤ ጠመንጃው ከቤት አይወጣም።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይመልከቱ

ወረቀት በሦስት ቦታ ይፈለጋል፦ በሚወጡበት አገር፣ በአየር መንገዱና በሚገቡበት አገር።

በሚወጡበት አገር። ከአሜሪካ የሚነሱ ከሆነ ጠመንጃውን ይዘው ወደ ጉምሩክ ቢሮ ይሂዱና 4457 የሚባለውን ፎርም ያስሞሉ። ሠራተኛው የጠመንጃውን ተከታታይ ቁጥር በዓይኑ አይቶ ይፈርማል። ዋናው ጥቅሙ ሲመለሱ «ይህ ጠመንጃ ከዚሁ የወጣ የእኔው ነው» ለማለት ነው፤ በተጨማሪም የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ እንደ ባለቤትነት ማስረጃ ይቀበለዋል። በራሱ በፎርሙ ላይ የታተመው የአገልግሎት ዘመን ያላለፈ መሆኑን ይዩ፤ አንዳንድ ፖሊስ እሱን ቆጥሮ ያስቸግራል። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ሳይኖርዎት በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖሩ ከሆነ ሕጉ በእርስዎ ላይ ይጠብቃል፤ ጠበቃ ሳያማክሩ ጠመንጃ ይዘው ከአሜሪካ አይውጡ።

በደቡብ አፍሪካ። የፖሊሱ ፎርም ቁጥር 520 ነው። በጥቁር እስክሪብቶ ይሞላል፤ ፊርማዎን ግን ፖሊሱ ፊት እስኪደርሱ አያኑሩ። ፓስፖርት፣ የመመለሻ ትኬት፣ የባለቤትነት ማስረጃና አደኑን የሚያዘጋጅልዎት ድርጅት የጻፈው የግብዣ ደብዳቤ አብረው ይቀርባሉ። በአንድ ካሊበር ከአንድ በላይ ጠመንጃ አይፈቀድም፤ ጥይቱም ለአንድ ካሊበር ከ200 አይበልጥም። ምክንያት ሲጠየቁ «ለአደን» ይበሉ። «ራሴን ለመከላከል» የሚል ቃል ከአፍዎ ከወጣ ፈቃዱ አይሰጥዎትም።

በናሚቢያ። ቀለል ይላል። ዊንድሁክ በሚገኘው ሆሴያ ኩታኮ ኤርፖርት ሲደርሱ ፎርም ይሞላሉ፤ ፖሊስ የጠመንጃውን ቁጥርና የጥይቱን ብዛት አመሳክሮ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጥዎታል። ይህችን ወረቀት እንደ ፓስፖርትዎ ይያዙ፤ ሲወጡ መልሰው ይጠየቁባታል።

ፈቃድ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በጠመንጃው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። አንድ ዜሮ «ኦ» ተብላ ብትጻፍ ግማሽ ቀን ኤርፖርት ያስቆምዎታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን ሂሳብ ጎን ለጎን ይጻፉ

ሰው ሲያሰላ የኪራዩን ዋጋ ብቻ ያያል። የራስ ጠመንጃ ነጻ ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ገጽ ለሁለት ይክፈሉ።

በግራ በኩል «ይዤ ብሄድ» ብለው እነዚህን ይዘርዝሩ፦ በአየር መንገድ ሕግ የሚፈለገው ጠንካራ ሣጥን፣ አየር መንገዱ ለጠመንጃ የሚያስከፍለው (መሄጃም መመለሻም)፣ ፈቃዱን የሚያስጨርስ ወኪል ካለ የእሱ ዋጋ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ የምታልፍ አውሮፕላን ካለች የሆቴል አዳር፣ ጠመንጃው ቢጠፋ ወይም ቢሰበር የሚከፍል መድን።

በቀኝ በኩል «ብከራይ» ብለው፦ የቀን ኪራይ፣ ጥይት በፍሬ ወይም በፓኮ፣ ቢሰበር የሚጠየቁት።

እንበል ኪራዩ በቀን 40 ዶላር ቢሆንና ሰባት ቀን ቢያድኑ 280 ዶላር ነው። ሃያ ጥይት ጨምረውበት እንኳ ከአንድ ጥሩ ሣጥንና ከደርሶ መልስ የአየር መንገድ ክፍያ ጋር ሲተያይ ብዙ ጊዜ ቀኝ ይረክሳል። ሂሳቡ የሚገለበጠው በየዓመቱ ለሚሄድ ሰው ነው፤ ሣጥኑ አንዴ ተገዝቶ ብዙ ጉዞ ያገለግላልና። ጠመንጃ በነጻ የሚያውሱ አዘጋጆችም ስላሉ ለመደራደር አይፍሩ።

ደረጃ 5፦ ይዘው ለመሄድ ከወሰኑ እንዲህ ያሽጉ

ጠመንጃው ባዶ ይሁን። ካዝናውን ያውጡ፤ ጥይት የሚቆምበትን ቦታ በዓይንዎም በጣትዎም ይፈትሹ። የኋላ መዝጊያውን ነቅለው ለብቻው ጠቅልለው ያስቀምጡ። አንድ ሰው ሣጥኑን ሲከፍት ጠመንጃው ሊተኮስ እንደማይችል በአንድ እይታ ይታወቅለት።

ሣጥኑ ብረት ወይም የማይታጠፍ ፕላስቲክ ይሁን፤ ከአንድ በላይ ቁልፍ ይኑረው። ቁልፎቹ በኪስዎ ይጓዙ። የጠመንጃ ፋብሪካ ስም ያለበት ተለጣፊ አይለጥፉበት፤ ለሌባ ማስታወቂያ ነው።

ጥይት በእጅ ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ በፋብሪካው ፓኮ ወይም እያንዳንዱን ፍሬ ለይቶ በሚይዝ ሣጥን ይሂድ። ዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ደንብ ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ በላይ አይፈቅድም፤ የሁለት ሰው ድርሻ በአንድ ሻንጣ ማድረግም አይቻልም። አንዳንድ ቦታ ጥይቱ ከጠመንጃው በተለየ ሻንጣ ተቆልፎ እንዲሄድ ስለሚፈለግ አስቀድመው ይጠይቁ። ለአንድ ሳምንት አደን ከ40 እስከ 60 ጥይት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገዎት ችግሩ ከጥይቱ ቁጥር አይደለም።

ኤርፖርት ከወትሮው ቀድመው ይድረሱ። ወደ ሠራተኛዋ ቀርበው በዝግታ «ያልጎረሰ የአደን ጠመንጃ አለኝ፤ ማስመዝገብ እፈልጋለሁ» ይበሉ። «ጠመንጃ» የሚለው ቃል በወረፋው መካከል ጮክ ብሎ እንዳይሰማ። ሣጥኑ ይከፈት ቢባል እርስዎ ይክፈቱ፤ ፈታሹ እስኪጠይቅዎት ጠመንጃውን አንሥተው አያሳዩ። በእኛ አገር ሰርግ ላይ እንደሚደረገው ከፍ አድርጎ ማሳየት እዚህ ክብር አያመጣም።

የጠመንጃውን፣ የቁጥሩንና የወረቀቶቹን ፎቶ በስልክዎ ይያዙ፤ ለአዘጋጁም ይላኩለት። ሻንጣ ቢጠፋ የሚፈለገው በዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ለመከራየት ከወሰኑ እነዚህን ይጠይቁ

ቀብድ ከመላክዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ጠመንጃው የምን ፋብሪካ ሥራ ነው? ካሊበሩስ? ፎቶውን ይላኩልኝ።

መነጽር ተገጥሞለታል? ስንት ጊዜ ያጎላል? በስንት ሜትር ተስተካክሏል?

የደኅንነት ማቆሚያው የት ነው? በአንዳንዱ ጠመንጃ ወደ ፊት ሲገፋ ለመተኮስ ዝግጁ ይሆናል፤ በሌላው አቀማመጡ ይለያል። ለዓመታት በአንዱ የለመደ አውራ ጣት በሌላው ይሳሳታል።

ሰደፉ ምን ያህል ይረዝማል? ለረጅም ሰው የተሠራ ሰደፍ ለመካከለኛ ሰው መነጽሩን ያርቅበታል። በግራ እጅዎ የሚተኩሱ ከሆነም አሁን ይናገሩ።

ጥይቱ የምን ዓይነት ነው? የተስተካከለበትም የማድንበትም ያው ነው? ዓይነቱ ሲለወጥ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል።

ሌላ የሚከራየው ሰው አለ? በአንድ ሳምንት ሦስት እንግዳ የሚይዘው ጠመንጃ በየቀኑ ይነካካል።

ቢሰበር፣ ቢቧጨር ማን ይከፍላል?

በማን ስም የተመዘገበ ነው? በሕግ የምይዘው እንዴት ነው? በደቡብ አፍሪካ ሕግ ባለ ፈቃዱ አጠገብ ሆኖ እየተቆጣጠረ ሌላ ሰው በጠመንጃው ሊጠቀም ይችላል። ስለዚህ የተከራዩትን ጠመንጃ ብቻዎን ይዘው ቁጥቋጦ ውስጥ አይሰወሩ፤ በመኪናም ብቻዎን ይዘውት አይሂዱ።

ሁሉንም ከመለሱልዎት ጥሩ አዘጋጅ አግኝተዋል። «ችግር የለም፣ ስትመጣ ታየዋለህ» ካሉዎት ግን ሌላ ይፈልጉ።

ቤት ሳሉ ደግሞ በሚከራዩት ካሊበር ተመሳሳይ ጠመንጃ ተውሰው ወይም በተኩስ መለማመጃ ተከራይተው ይተኩሱ። የሣጥኑን ገንዘብ ለጥይት ያውሉት።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያውን ማለዳ ለኢላማ ይስጡ

የራስዎም ይሁን የኪራይ፣ ጠመንጃ ከጉዞ በኋላ ሳይፈተሽ ወደ እንስሳ አይዞርም። የራስዎ ከሆነ በ100 ሜትር ሦስት ጥይት ይተኩሱ፤ ሦስቱም እንደ ቀድሞው ካረፉ ይበቃል። መነጽሩ በሻንጣ ጭነት ተንቀሳቅሶ ከሆነ እዚህ ይታወቃል።

የኪራይ ከሆነ ይበልጥ ይታገሡ። መጀመሪያ ያለ ጥይት አቀባብለው ቃታውን ደጋግመው ይሳቡ፤ ቀላል ነው ከባድ? መጨረሻው ላይ ይይዛል? ከዚያ መነጽሩን ያስተካክሉ፤ ዓይንዎ በጣም አይጠጋው። እኔ በናሚቢያ በተዋስኩት ጠመንጃ የመጀመሪያውን ጥይት ስተኩስ መነጽሩ ቅንድቤን ተረተረኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ጥፋቱ የጠመንጃው አልነበረም፤ እንደ ራሴ ጠመንጃ አንገቴን አስግጌ ያነጣጠርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቁጭ ብለው አምስት፣ ቆመው አምስት ጥይት ይተኩሱ። እዚያ ያሉ መሪዎች ባለ ሦስት እግር እንጨት ተክለው ጠመንጃውን ያስደግፉልዎታል። ድንጋይ ወይም ጉልበት ተደግፎ መተኮስ ለለመደ ሰው እንጨቱ መጀመሪያ ያወዛውዛል፤ ስለዚህ ቤት ሳሉ በእሱ ይለማመዱ። ጥይቶቹ ያረፉበትን ወረቀት በጣትዎ ይለኩ፤ ስንት ጣት ወደ ቀኝ፣ ስንት ጣት ወደ ላይ? ያን ለመሪው ይንገሩትና መነጽሩን አብራችሁ አርሙት።

ተራራ ላይ የሚያድኑ ከሆነ የዓባይ ገደል ልጅ የሚያውቀውን አይርሱ፤ ቁልቁልም ሆነ ሽቅብ ሲተኮስ ጥይት ከፍ ብሎ ያርፋል። ትንሽ ዝቅ አድርገው ያነጣጥሩ።

ደረጃ 8፦ አደኑ አገር ቤት ከሆነ

ብዙ ሰው «እረፍት ስወጣ ዓባይ በረሃ ወርጄ ድኩላ ልምታ» ሲል እሰማለሁ። አይሆንም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ ያሰረ ሕግ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ለውጭ እንግዳ የሚፈቀደው አደን በተከለሉ የአደን ቀጠናዎች፣ ፈቃድ ባለው ፕሮፌሽናል አዳኝ መሪነት የሚደረግ ነው። ከታወቁት ቀጠናዎች ውስጥ በአርሲና ባሌ በኩል ሙኔሳ ኩኬ፣ አርባ ጉጉ፣ ኦዶ ቡሉና አባሼባ ደመሮ ይገኛሉ፤ በአፋር ደግሞ ቢለን ሄርታሌ አለ። ከጮቄ እስከ ዓባይ ሸለቆ ያለው የእኛ አገር ከነዚህ አንዱ አይደለም። ዋልያና ቀይ ቀበሮ የትም ቢገኙ አይታደኑም።

ባዕዳን አዳኞች ኢትዮጵያ የሚመጡት በተለይ ለደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ በባሌና በአርሲ ተራሮች ይኖራል፤ ለሳይንስ የተዋወቀውም በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። በየዓመቱ የሚፈቀደው ቁጥር ጥቂት ነው፤ ለአንዱ ብቻ የሚከፈለው የመንግሥት ክፍያ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። ያን ከፍሎ በማያውቀው ጠመንጃ የሚስት ሰው ለወራት እንቅልፍ አያገኝም። ስለዚህ ለደጋ አጋዘን የራስን ጠመንጃ ይዞ መምጣት በቂ ምክንያት አለው፤ ርቀቱ ረጅም፣ ዕድሉም አንድ ነውና። የራስዎን ይዘው ከመጡ ግን ከፊትዎ ያለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዘጋጁ ድርጅት የመግቢያ ፈቃዱን በጠመንጃዎ ቁጥር አስቀድሞ ያስወጣልዎት፤ ቅጂው እጅዎ ሳይገባ አይሳፈሩ። ቦሌ ደርሶ «እዚያ እንጨርሰዋለን» የሚባል ነገር የለም።

ከአደኑ ቀጠና ውጭ ያንን ጠመንጃ ይዘው ወደ ጎጃም አይሂዱ፤ አንድም ቀን ቢሆን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢያችን የትጥቅ ግጭት አለ፤ ኬላ ላይ የቆመ ሰው ባለ መነጽር ጠመንጃ ሲያይ «የደጋ አጋዘን አዳኝ ነው» ብሎ አያስብም። ከቤተሰብ የሚመጣውን ልመናም በትሕትና ይመልሱ። «መነጽር አምጣልኝ»፣ «አንድ ፓኮ ጥይት ብቻ» የሚሉ ይኖራሉ። አዋጁ የሚቆጣጠረው ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን ጥይቱንና መለዋወጫውንም ነው። ዥጉርጉሩን የአደን ልብስም ሻንጣዎ ውስጥ አይክተቱ፤ የወታደር ይመስላል። በዚምባብዌ ሲቪል ሰው እንዲህ ያለ ልብስ መልበሱ ራሱ ወንጀል ነው።

ደረጃ 9፦ ሲመለሱ ኪስዎን ያራግፉ

አደኑ ሲያልቅ የአደን ኮትዎን፣ የጀርባ ቦርሳዎንና ቀበቶዎን ሁሉ ገልብጠው ይፈትሹ። አንዲት የተረሳች ጥይት፣ ባዶ ቀለህም ብትሆን፣ ፍተሻ ላይ ከአውሮፕላን ታስቀራለች። አንድ ዘመዴ ያያቱን አሮጌ ዝናር ለማስታወሻ ይዞ ሊወጣ ሲል በቆዳው ኪስ ውስጥ ያረጀች ጥይት ተገኘችበትና ያን ቀን ሳይሳፈር ቀረ። ጥይቷ ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ እዚያ ተኝታ ሳትኖር አትቀርም፤ ለፈታሹ ግን ጥይት ጥይት ነው።

የተረፈ ጥይት ካለ ለአዘጋጁ በደረሰኝ ያስረክቡ ወይም በፈቃድዎ ላይ በተጻፈው መሠረት ይዘው ይመለሱ። ቀንድና ቆዳ ከእርስዎ ጋር በሻንጣ አይመለስም፤ ታክሞ፣ የጤናና የዱር እንስሳት ወረቀት ተያይዞለት ከወራት በኋላ በጭነት ይመጣል። እንደ ነብር ያሉት እንስሳት በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት የተያዙ ስለሆኑ ወረቀታቸው ከአደኑ በፊት መጠየቅ አለበት።

በአጭሩ፦ የቱን ይምረጡ?

እነዚህ አራት ነገሮች በሙሉ ካሉዎት ጠመንጃዎን ይዘው ይሂዱ። አንድ፣ ጠመንጃዎ ለሚያድኑት እንስሳ በሕግም በኃይልም ይበቃል። ሁለት፣ መንገዱ ቀጥታ ነው፤ ካልሆነም የእያንዳንዱ አየር መንገድና ትራንዚት ፈቃድ በጽሑፍ እጅዎ ገብቷል። ሦስት፣ የሚገቡበት አገር ወረቀት ከመነሣትዎ በፊት ተዘጋጅቷል። አራት፣ ከአደኑ በፊትም በኋላም ጠመንጃ ይዘው የማይገቡበት ቦታ አይሄዱም።

ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ይከራዩ። በዚህ ማንም አያማዎትም። የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው ነው ነገሩ።

ሁለተኛውን ጉዞዬን ጨርሼ ስመለስ አጎቴን በስልክ አገኘሁትና በኪራይ ጠመንጃ ሳላ መምታቴን ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለ። ስለ ሳላው ቀንድ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ወዴት ይስብ ነበር?» አለኝ።

«ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጣት ያህል» አልኩት።

«ይህን ካወቅህማ ምን ቸገረህ» አለኝ። የእሱን ጠመንጃ ግን እስካሁን ለማንም አላዋሰም።